ሳቁንም ድካሙንም አንድ ላይ ጻፉት፦ ስለ አባት ትዝታ የደረሱን ጥያቄዎች

በዚህ እትም አምዱን ሙሉ በሙሉ ለአባቶች ለቀናል። ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ አባታቸውን በቅርቡም ቆየት ብለውም ያጡ ልጆች የጻፏቸው ናቸው፣ እና ሁሉም ማለት ይቻላል አባታቸውን የሚያነሱት በሁለት ነገር ነው፣ መጀመሪያ ሥራ ወዳድነቱን ይናገራሉ ከዛ ደግሞ ጨዋታውን ይጨምሩበታል፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማስቀመጡ ላይ ግን ይቸገራሉ። ሥራውን ሲያወሩ ሐውልት ይሆንባቸዋል፣ ሳቁን ሲያወሩ ደግሞ ክብሩን የነኩ ይመስላቸዋል። የኔ ሐሳብ ከመጀመሪያው ግልጽ ይሁን፣ ሁለቱ መነጣጠል የለባቸውም፣ ሰውየው አንድ ሰው ነበር።

ጥያቄ፦ አባዬ መካኒክ ነበር። ጠዋት እኛ ሳንነሳ ይወጣል፣ ማታ እጁ በግሪስ ተለውሶ ይመጣል፣ ግን ገና በሩ ላይ ሲደርስ ቤቱ በሳቅ ይሞላል፣ የጎረቤታችንን አረማመድ ያስመስላል፣ እኛን ያባርረናል፣ እማዬን ከምትሠራው ሥራ አስነስቶ ያስጨፍራታል። አሁን አርፏል። ለመታሰቢያው ቀን የሕይወት ታሪኩን አንቺ ጻፊ ተባልኩ፣ ትልቋ ልጅ ስለሆንኩ። ጻፍኩት ግን ሲቪ ሆነብኝ፣ መቼ ተወለደ፣ የት ሠራ፣ ስንት ልጆች አፈራ። እሱ ራሱ የለበትም። ምን ላድርግ?
ትልቋ ልጅ

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ነፍሱን ይማርልሽ። የጻፍሽውን አትጣይው፣ ቀኑም የሥራ ቦታውም ያስፈልጋል፣ ግን አንድ አንቀጽ ይበቃዋል። አሁን ደግሞ የላክሽልንን ደብዳቤ መልሰሽ አንብቢው፣ ግሪስ ያለበት እጅ፣ የጎረቤት አረማመድ፣ ከሥራዋ ተነስታ የምትጨፍር እናት። በጥቂት መስመር ውስጥ እኮ እኔ አይቼው የማላውቀው ሰው ታየኝ። የሕይወት ታሪኩ ይሄ ነው፣ ከዚሁ ጀምሪው፣ ልደቱ ሦስተኛ አንቀጽ ላይ ቢመጣ ማንም አይከስሽም።

ብዙ ሰው እንደዚ አይነት ጽሑፍ ላይ የሚጠፋው በቅጽል ነው። ታታሪ፣ ቅን፣ ተጫዋች፣ ሰው አክባሪ እያልሽ ብትደረድሪ ስሙን ቀይረሽ ለማንም አባት ማንበብ ይቻላል። ስለዚ አንድ ቅጽል በጻፍሽ ቁጥር ቆም በይና ምን ሲያደርግ አይቼው ነው እንደዚ ያልኩት ብለሽ ራስሽን ጠይቂ፣ መልሱን ጻፊና ቅጽሉን ሰርዢው። ታታሪ ነበር ከማለት ይልቅ ከሌላ ቦታ ተሠርቶ የመጣን መኪና እንኳን ብሎኑ በደንብ አልታሰረም ብሎ እንደ አዲስ ፈቶ ያስር ነበር ብትዪ፣ እንደዚ አይነት ነገር ያደርግ ከነበረ ማለቴ ነው፣ ሰው ታታሪነቱን ራሱ ይደርስበታል።

ከሁሉም በላይ ግን ሥራውና ጨዋታው የሚገናኙበትን ቦታ ፈልጊ። ተጫዋች የሆነ ሠራተኛ ጨዋታውን ለማታ ብቻ አያስቀምጥም፣ መኪና ሥር ተኝቶ ይዘፍናል፣ ለደንበኞቹ መኪኖች ቅጽል ስም ያወጣል፣ አዲስ የገባውን ልጅ የሌለ መሣሪያ አምጣ ብሎ ይልከዋል። አንቺ እነዚህን ላታውቂያቸው ትችያለሽ፣ ምክንያቱም ለናንተ የደረሳችሁ የማታው አባት ነው፣ የቀኑ አባት ያለው አብረውት የሠሩት ሰዎች ጋ ነው። ስለዚ ሂጂና ጠይቂያቸው። ምን አይነት ሰው ነበር ብለሽ እንዳትጠይቂ ብቻ፣ መልሱ ጥሩ ሰው ነበር ይሆንና ያልቃል። መጀመሪያ ያየኸው ቀን ምን እየሠራ ነበር በይ፣ ሲናደድ በምን ታውቁበት ነበር በይ፣ ከሱ የተማርከውና እስካሁን የምትሠራበት ነገር አለ ወይ በይ፣ እስኪ ሆድህን ይዘህ የሳቅክበትን ቀን ንገረኝ በይ። አስፈቅደሽ በስልክሽ ቅጂው፣ አነጋገራቸው ራሱ ለጽሑፉ ይጠቅምሻል።

ጽሑፉ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ቤት ቁጭ ብለሽ በስልክ ሰዓት ያዢና አንብቢው፣ የዛን ቀን ደግሞ ከቤቱ እንደሚዘገይ አስቢ፣ ድምፅ ይቆራረጣል፣ ሰውም ይስቃል፣ ያለቅሳል። ሦስት ታሪክ ይበቃል፣ የቀረው ለቤተሰብ በደብተር ይጻፍ እንጂ አይጣል። የትኛው ቀልድ ይግባ ለሚለው እኔ የምመክረው እናትሽን ማሰብ ነው፣ ከሥራ ባልደረቦቹ በቀር ማንም የማይስቅበትና እናትሽ አንገቷን የምትደፋበት ከሆነ ይቅር፣ እሷ ቀድማ የምትስቅበት ከሆነ ግን ምንም ሳታፍሪ አስገቢው፣ ስታነቢው ደግሞ አታብራሪው፣ እሱ ቀልዱን ያብራራ ነበር እንዴ?

አንድ ነገር ደግሞ፣ ተቆጥቶ አያውቅም፣ ደክሞት አያውቅም የሚል ነገር እንዳታስገቢ። እዛ የተቀመጠው ሰው ያውቀዋል፣ አንዷ ዓረፍተ ነገር ውሸት መሆኗን ካወቀ የቀረውንም እውነት መጠራጠር ይጀምራል። ጉድለቱን ሁሉ አውጂ አላልኩም፣ ያልነበረውን አትጨምሪ ነው የምልሽ። ጽሑፉን በትልልቅ ፊደል አሳትሚው፣ ገጾቹ ላይ ቁጥር ይኑራቸው፣ አንድ ኮፒ ደግሞ ካንቺ ቀጥሎ ሊያነብ ለሚችል ሰው ስጪው፣ ድምፅሽ እምቢ ካለ እሱ ከቆምሽበት ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ አባቴ ካረፉ ገና ጥቂት ወራት ናቸው። ሹፌር ነበሩ፣ ዕድሜ ልካቸውን መንገድ ላይ ኖረው እቤት ሲመጡ ደግሞ የመንገዱን ጉድ ሁሉ እያስመሰሉ የሚያስቁን ሰው። በቀደም ከወንድሞቼ ጋር ቁጭ ብለን የሳቸውን ወሬ እያነሳን በሳቅ ስንፈርስ አንዲት ዘመዳችን ገብተው ምን አይነት ልጆች ናችሁ ብለውን ወጡ። ከዛ ወዲህ ስስቅ ጥፋት የሠራሁ ይመስለኛል፣ ሌሊት ደግሞ ብቻዬን አለቅሳለሁ። ጤነኛ ነኝ?
የሹፌሩ ልጅ

መልስ፦ ጤነኛ ነህ ወንድሜ። ዘመዳችሁንም አትቀየማቸው፣ እሳቸውም የራሳቸውን ሐዘን ይዘው ነው የገቡት፣ ሳቁ ደግሞ ከውጪ ሲሰማ ምን እንደሚያስቃችሁ አይናገርም። ምናልባት ሌላ ጊዜ ሲመጡ አስቀምጣችሁ ያንኑ ታሪክ ብትነግሯቸው እሳቸውም የሚጨምሩት አንድ ሁለት አያጡም።

ስለ ሳቁ ግን በጥናትም የታየ ነገር አለ። ዳከር ኬልትነር እና ጆርጅ ቦናኖ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት የትዳር አጋራቸውን ያጡ ሰዎች ከሐዘኑ ስድስት ወር ገደማ በኋላ ስለሟቹ ሲያወሩ ፊታቸውን አጥንተው ነበር፣ እና እያወሩ ከልባቸው የሳቁት፣ ማለትም በአፍ ብቻ ሳይሆን ዓይናቸው ዙሪያ ያለው ጡንቻ ጭምር የተንቀሳቀሰው ሰዎች፣ ጭንቀታቸው ያነሰና ከሰው ጋር ያላቸው ግንኙነትም የተሻለ ሆኖ ነው የተገኘው። እነዚህ ሰዎች የሞቱባቸውን አልረሱም፣ የሳቁት ስለሱ እያወሩ ነው።

ሌሊት ማልቀስህና ቀን መሳቅህም የሚጋጩ ነገሮች አይደሉም። ሐዘን በደረጃ ነው የሚሄደው፣ መጀመሪያ መካድ ከዛ ንዴት ከዛ ምናምን የሚባለውን ሰምተህ ይሆናል፣ ያ ሐሳብ የታወቀው ኤልሳቤት ኩብለር-ሮስ የሚባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 በጻፉት መጽሐፍ ነው፣ እሳቸው ግን መጀመሪያ ያነጋገሩት ራሳቸው በጠና ታመው ሊሞቱ የተቃረቡ ሰዎችን እንጂ ሰው የሞተባቸውን አልነበረም። ያዘነ ሰው በተራ ደረጃ እየወጣ አይሄድም። ማርጋሬት ስትሮብ እና ሄንክ ሹት የሚባሉ ኔዘርላንድስ የሚሠሩ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት ሐሳብ ለኔ ይበልጥ እውነት ይመስለኛል፣ ያዘነ ሰው አንዴ ወደ ሐዘኑ አንዴ ወደ ኑሮው እየተመላለሰ ነው የሚኖረው ይላሉ፣ መመላለሱም ራሱ ነው ሰውየውን የሚያቆመው። አንተም እያደረግክ ያለኸው ይሄንኑ ነው።

ሐኪም ወይም አማካሪ ጋ መሄድ የሚያስፈልግበት ጊዜ ግን አለ፣ እሱን ሳልነግርህ ባልፍ ደስ አይለኝም። ሐዘኑ ወራት አልፈውም እንደ መጀመሪያው ቀን ሆኖ ሥራ መሥራት፣ መብላት፣ መተኛት፣ ከሰው ጋር መሆን ከከለከለህ እርዳታ ጠይቅ። የዓለም ጤና ድርጅት የተራዘመ ሐዘን ብሎ የሚመዘግበው ቢያንስ ስድስት ወር አልፎት የሰውየውን ኑሮ ሲያሰናክል ነው፣ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመዘኛ ለአዋቂ ሰው አንድ ዓመት ይላል። ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ወርም ቀንም አይቆጠርም፣ በዛው ሰዓት ለሰው ንገርና ሐኪም ጋ ሂድ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው አባታችንን የሚያነሳው እየሳቀ ነው። እኔ የበኩር ልጅ ነኝ፣ የማስታውሰው ግን ጫማውን እንኳን ሳያወልቅ ወንበር ላይ እንቅልፍ የወሰደውን ሰው ነው፣ አንድም ቀን ትምህርት ቤት መጥቶ አያውቅም፣ ሥራ ሥራ ሥራ። ታናናሾቼ በጀርባው ተሸክሟቸው ሲጫወት ነው ያደጉት። ስለሱ ስናወራ እንጣላለን፣ የሌለ ነገር አታውራ ይሉኛል። ደግሞ እወደው ነበር። የኔ ትዝታ የት ይግባ?
በኩሩ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከደረሱን ደብዳቤዎች ሁሉ ቶሎ ማለፍ ያቃተኝ ያንተው ነው። አንተም አልዋሸህም፣ እነሱም አልዋሹም። አንተ ስትወለድ የነበረው አባትና የመጨረሻው ልጅ ሲወለድ የነበረው አባት በዕድሜም በኪስም በጉልበትም አንድ አልነበሩም። ወጣት አባት ምንም ሳይኖረው ይጀምራል፣ ሁለት ሥራ ይይዛል፣ ልቡ ሁሌም የነገው ወጪ ላይ ነው፣ ኑሮው ትንሽ ሲደላደል ደግሞ ያ ድሮም ውስጡ የነበረው ጨዋታ የሚወጣበት ሰዓት ያገኛል፣ በዛ ሰዓት ልጅ ሆነው የተገኙት ታናናሾችህ ናቸው። የድካሙን ዘመን ያየኸው አንተ ነህ፣ ስለዛ ዘመን መመስከር የምትችለውም አንተ ብቻ ነህ።

ለናንተ ብሎ እኮ ነው የለፋው የሚሉህ ሰዎች ይኖራሉ። እውነት ነው፣ ግን ለጥያቄህ መልስ አይሆንም። ዳቦውም ያስፈልግሃል አባትህም ያስፈልግህ ነበር፣ አንዱ ስለተገኘ ሌላው አልጎደለም ማለት አይደለም። እየወደድከው ልትቀየመው ትችላለህ፣ እና ይሄን ቶሎ ለማስታረቅ አትቸኩል፣ ማንም ዛሬ ጨርስ ብሎ አልያዘህም።

ትዝታ ደግሞ እንደተቀዳ ቪዲዮ ተቀምጦ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሰው ፍሬድሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተሙት ሥራቸው እንዳሳዩት ሰው ያለፈን ነገር ባስታወሰ ቁጥር እንደ አዲስ ይሠራዋል፣ የጎደለውን አሁን በሚያውቀውና በሚያምነው ይሞላዋል። ስለዚ ታናናሾችህ ሳቁን ደጋግመው ሲያወሩት ሳቁ እየደመቀ ሄዷል፣ አንተም ወንበሩ ላይ የተኛውን ሰው ብቻህን ስታስታውሰው እሱ ብቻ እየገዘፈ መጥቶ ይሆናል። ክርክሩን ተዉትና እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን አባት በየስማችሁ ጻፉ፣ አንዱ የሌላውን እንዳያርም ተስማሙ፣ ከዛ አንድ ቦታ አድርጋችሁ አንብቡት። አንዱ ልጅ ጀርባው ላይ ወጥቶ ሲጫወት ሌላው ልጅ ጫማውን ሲያወልቅለት የሚታይበት ታሪክ ካንድ ወገን ብቻ ከተጻፈው በጣም ይበልጣል።

ለብቻህ ደግሞ ለሱ ደብዳቤ ጻፍለት፣ ማንም የማያነበው። ጄምስ ፔኔቤከር እና ሳንድራ ቢል እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ጥናት ተማሪዎች ለአራት ተከታታይ ቀናት በቀን 15 ደቂቃ ከባድ ገጠመኛቸውን ከነስሜቱ ሲጽፉ በቀጣዮቹ ወራት ክሊኒክ መመላለሳቸው ቀንሶ ነበር፣ ሐዘን ላይ ሁሉንም ሰው እኩል ይረዳል ማለት ግን አይደለም፣ ሞክረውና ከከበደህ አቁመው። ከዛ በተረፈ አብረውት የሠሩትን ሰዎች አግኛቸው፣ አንተ ቤት ስትጠብቀው በነበረበት ሰዓት ምን ሲያደርግ እንደነበር ይንገሩህ። ስላንተ ምን ይል እንደነበርም ጠይቃቸው፣ ልጁ ፊት የማያወራ አባት ሥራ ቦታ ስለ ልጁ ሲያወራ የሚውል ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ አባባ በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ቀልድ በቮይስ ይልክልኝ ነበር። አሁን እሱም የለም፣ ስልኬም እያረጀ ነው፣ ቢበላሽስ እያልኩ እጨነቃለሁ። ቤት ደግሞ ድምፁ ያለበት የድሮ ካሴትና ብዙ ፎቶ አለ። እንዴት ላስቀምጠው?
የመጨረሻ ልጅ

መልስ፦ የኔ እህት፣ ይሄኛው ዛሬውኑ የሚሠራ ነው። መጀመሪያ ቮይሶቹን ከአፑ አውጪያቸው። ቴሌግራም ከሆነ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቺው ቻቱን ኤክስፖርት የሚያደርግ ምርጫ አለው፣ ዋትስአፕም ቻቱን ከነሚዲያው ማውጣት ይችላል፣ ካልሆነም አንድ በአንድ ሴቭ አድርጊያቸው። የሱ ስልክ ካለ እሱንም ቶሎ እዩት፣ ሲም ካርዱ ሳይሠራ ሲቆይ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፣ ያኔ አካውንቱም ሊጠፋ ይችላል። ፋይሎቹን ስም ስጫቸው፣ ቀኑንና ስለምን እንደሚያወራ፣ አለበለዚያ ከዓመታት በኋላ የቁጥር ክምር ነው የሚሆንብሽ። ከዛ ሦስት ቦታ ይቀመጥ፣ ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ የተለያየ አይነት ዕቃ ላይ ይሁኑ፣ አንዱ ደግሞ ከቤት ውጪ፣ ወንድምሽ ወይ እህትሽ ጋ። ፍላሽ ላይ ብቻ አትተማመኚ።

ካሴቱን እስኪ ይሠራል ወይ ብለሽ ያገኘሽው ቴፕ ውስጥ አትክተቺው፣ የቆየ ቴፕ ክሩን ይበላዋል። መጀመሪያ ከላይ ጠርዙ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሪያቸው፣ ከዛ በኋላ በስህተት ሌላ ነገር ሊቀዳበት አይችልም። ደህና ቴፕ ስታገኚ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በገመድ ወደ ኮምፒውተር አስገቢው፣ ዋናውን ሳይጨመቅ በዋቭ አስቀምጪው፣ ለዘመድ የምትልኪው በኤምፒ3 ይሁን። ካሴቱንም አትጣይው፣ ከሙቀት፣ ከእርጥበትና ከስፒከር አርቀሽ አቁመሽ አስቀምጪው።

ድምፁን ደግሞ እባክሽ አታጽጂው። ከኋላ የሚሰማው መዶሻ፣ ማሽን፣ ሰው ሲጠራው፣ ሳሉ፣ እነዚህ ሁሉ እሱ ያለበት ሰዓት ናቸው። ሥራ ቦታው ሆኖ እየቀለደ ያለ አባት እኮ ነው እጅሽ ላይ ያለው! የጸዳ ኮፒ ከፈለግሽ ለብቻው አሠሪ እንጂ ዋናውን አትንኪው።

ፎቶዎቹን የሚያጣብቅ ገጽ ያለው አልበም ውስጥ ከሆኑ ቀስ ብለሽ አውጫቸው፣ ማጣበቂያው ፎቶ ይጎዳል። ትንንሾቹን በ600 ዲፒአይ፣ ዲፒአይ የስካኑ የጥራት መጠን ነው፣ ስካን አድርጊ። ጀርባቸው ላይ በእስክሪብቶ ሳይሆን በለስላሳ እርሳስ ማን ማን እንደሆነ ጻፊ፣ ይሄን ደግሞ ትልልቆቹ ሳሉ አድርጊው፣ ፎቶው ውስጥ ያለውን ሰው ስም የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ አራት ዓመቱ ነው፣ ከአያቱ ጋር በጣም ይጫወቱ ነበር። አሁን አያቴ የት ሄደ እያለ ይጠይቀኛል። ተኝቷል አልኩት፣ ልክ ነኝ? ሲያድግስ ጭራሽ ይረሳው ይሆን?
እናት

መልስ፦ ተኝቷል የሚለውን ተይው እህቴ፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ቃሉን እንዳለ ነው የሚወስደው፣ ወይ አያቱ እስኪነቃ ይጠብቃል ወይ ራሱ መተኛት ይፈራል። ሩቅ አገር ሄዷልም አትበይው፣ ሳይሰናበተኝ ለምን ሄደ ይላል። አያትህ ሞቷል፣ ሰውነቱ መሥራት አቆመ፣ ከእንግዲህ አይመጣም፣ እኛም አዝነናል በይው ባጭሩ፣ ነገም መልሶ ይጠይቅሻል፣ ያንኑ መልሺለት። ትንሽ ልጅ ሞት ለዘላለም መሆኑ ቶሎ አይገባውም፣ መደጋገሙ ለዛ ነው።

የአራት ዓመት ልጅ ከራሱ የሚያስታውሰው ትንሽ ነው የሚሆነው፣ የቀረውን ከናንተ ነው የሚያገኘው። በአሜሪካ ኢሞሪ ዩኒቨርሲቲ ማርሻል ዱክ እና ሮቢን ፊቩሽ ልጆች ስለ ቤተሰባቸው ምን ያህል እንደሚያውቁ የሚለኩ 20 ጥያቄዎች አዘጋጅተው ነበር፣ አያቶችህ የት አደጉ፣ ወላጆችህ እንዴት ተገናኙ አይነት፣ ብዙ የሚያውቁት ልጆች ለራሳቸው ያላቸው ግምት የተሻለ ነበር። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ግን ልጁ መልሱን በመሸምደዱ አይደለም ይላሉ፣ አብሮ ቁጭ ብሎ በማውራት የሚመጣ ነው። ለልጅሽ አያቱ ታታሪ ነበር ብትዪው ምንም አይገባውም፣ አያቱ ያጫውቱት የነበረውን ጨዋታ በዛው ሕግና በዛው ድምፅ አንቺ አጫውቺው፣ ስትጨርሱ ይሄ የአያትህ ጨዋታ ነው በይው።

ጥያቄ፦ የኔ አባት አሉ፣ ዕድሜ ይስጣቸው፣ ጡረታ ወጥተዋል። ግንበኛ ነበሩ፣ አሁንም ሲቀልዱ ሰው ያፈርሳሉ። ታሪካቸውን ልቅዳ ብዬ ስጠይቃቸው ምን ያደርግልሃል፣ ሠርቼ በላሁ በቃ ይሉኛል። እንዴት ላናግራቸው?
ወንድ ልጃቸው

መልስ፦ ፊት ለፊት አስቀምጠህ ሕይወትህን ንገረኝ ካልካቸው ማንም አባት ሠርቼ በላሁ ነው የሚልህ። ከተቻለ የሠሩት ግንብ ጋ ይዘሃቸው ሂድ፣ ካልተቻለ የድሮ መሣሪያቸውን፣ ማንኪያውንም ቱምቢውንም፣ አውጣና ይሄ እንዴት ነው የሚያዘው በላቸው፣ አሳዩኝ በላቸው። እጅ ሲንቀሳቀስ አፍም ይከፈታል። አንተ ስታበላሽ መሳቃቸው አይቀርም፣ ከሳቁ ኋላ የመጀመሪያ ቀን እሳቸው ራሳቸው ያበላሹት ይመጣል፣ ከዛ ያስተማሯቸው ሰው፣ ከዛ የመጀመሪያው ደመወዝ የት እንደገባ፣ ከዛ ሠራተኞቹ እርስ በርስ ሲቀላለዱ ይጫወቱት የነበረው ተንኮል።

ሳያውቁ ግን አትቅዳቸው፣ አባዬ ልቅዳ ብለህ አስፈቅድና ስልኩን አጠገባቸው አስቀምጠህ እርሳው። ዝም ሲሉ ቶሎ ሌላ ጥያቄ አትደርድር፣ ብዙ ጊዜ ጥሩው ነገር የሚመጣው ከዝምታው በኋላ ነው፣ ቀኑን ወይ ስሙን ቢሳሳቱም እዛው አታርማቸው፣ ወሬው ይቋረጣል፣ በኋላ ለብቻህ ታስተካክለዋለህ። ግማሽ ሰዓት ሲሆን ቢደክማቸው አቁምና ሌላ ቀን ቀጥል። ከመጀመርህ በፊት ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርገው፣ መሀል ላይ ሲደወል ቀረጻው እንዳይቆም፣ ቻርጁንም እይ፣ መጀመሪያ ላይ አንተ ቀኑን፣ ቦታውንና የሳቸውን ሙሉ ስም ተናገር፣ ሲያልቅ ደግሞ ፋይሉን እዛው ቀን ኮፒ አድርግና አንዱን ለወንድም እህቶችህ ላክላቸው።